ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሸጋገር፦ ለወላጆችና ለመምህራን ዝርዝር መመሪያ

በአንደኛ ደረጃ አንዲት መምህርት ልጁን ዓመቱን ሙሉ ከጠዋት እስከ መውጫ ታየዋለች። ጆሮውን በእጁ ሲደፍን ጫጫታው እንደከበደው፣ እርሳሱን ወደ ጎን ሲያደርግ የተባለው እንዳልገባው፣ ከእረፍት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ካልረጋ ትምህርቱን መከተል እንደማይችል ታውቃለች። ይህን ሁሉ የትም አልጻፈችውም፤ መጻፍም አላስፈለጋትም። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ያው ልጅ በሳምንት 8 ወይም 10 መምህራን ፊት ይቀመጣል። እያንዳንዱ መምህር በበኩሉ ብዙ ክፍል ያስተምራል፤ የአንዱን ልጅ ጠባይ በራሱ ጊዜ እስኪደርስበት ሴሚስተሩ ያልቃል። ልጁ ተሻግሮ ስለ ልጁ የሚታወቀው ነገር ወዲያ ማዶ የቀረ እንደሆነ፣ ደህና ይማር የነበረ ተማሪ በጥቂት ሳምንት ውስጥ «ሰነፍ»፣ «አስቸጋሪ» ወይም «ዝምተኛ» የሚል ስም ይወጣለታል።

ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚያገለግሉት ለዚህ ጉዳይ ነው፦ ወላጅ፣ ልጁ ራሱና የቀድሞ መምህራኑ የሚያውቁት ነገር ከልጁ ቀድሞ አዲሱ ትምህርት ቤት እንዲደርስ። የጻፍኩት በዋናነት ለወላጅና ለአሳዳጊ ነው፤ የሚያስረክቡም የሚረከቡም መምህራን ግን ድርሻቸውን ያገኙበታል።

መቼ ይጀመር?

ከሽግግሩ 12 ወር ቀደም ብሎ። ጊዜው የበዛ የሚመስለው ሥራው ምን ያህል በሌሎች ሰዎች እጅ እንዳለ እስኪታይ ድረስ ነው። ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ወይም ሰፋ ያለ መጸዳጃ ቤት ለመሥራት በጀት መያዝ አለበት፤ ግንባታውም የሚካሄደው ተማሪ በሌለበት የዕረፍት ወቅት ነው። አንድን የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ በጣት ተዳስሶ ወደሚነበበው ብሬይል መቀየር ወራት ይፈጃል። የስነ ልቦና፣ የንግግር ወይም የመስማት ምርመራ ቀጠሮ ወረፋ አለው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መቅጠርም በሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ሁለት ወር ብቻ የቀረዎት ከሆነ ግን ተስፋ አይቁረጡ። ሦስት ነገሮችን ያስቀድሙ፦ ስለ ልጁ አንድ ገጽ ይጻፉ፣ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን ፊት ለፊት እንዲገናኙ ያድርጉ፣ ልጁን ባዶውን ግቢ ያሳዩት። ሌላው ትምህርት ከተጀመረ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ሲሆን ከ180 በላይ አገሮች አጽድቀውታል። አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል፣ ለፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ይደነግጋል። አንቀጽ 2 ደግሞ ይህን ማመቻቸት መንፈግን ራሱን መድልዎ ይለዋል። ዝርዝር አሠራሩ በየአገሩ ይለያያል፤ የአገርዎን የትምህርት ሕግ መጠየቅ አይቀርም። ነገር ግን ትምህርት ቤት ደጃፍ ሲቆሙ ውለታ እየለመኑ እንዳልሆነ ማወቅ ድምፅዎን ያስተካክለዋል።

እርምጃ 1፦ ምን እንደሚለወጥ ከልጁ አንጻር ይጻፉ

ወረቀት ይያዙና ልጅዎ አሁን አንድ ቀን እንዴት እንደሚያሳልፍ ከመነሳት እስከ መኝታ ይጻፉ። ከጎኑ በአዲሱ ትምህርት ቤት ምን እንደሚለወጥ ያስፍሩ። ርቀቱ ይጨምራል? ቀድሞ መነሳት ይኖራል? በየክፍለ ጊዜው ክፍል ይቀያየራል ወይስ መምህራኑ ናቸው የሚመጡት? የቤት ሥራ ከአንድ መምህር ሳይሆን ከብዙ መምህራን በተለያየ ቀን ይመጣል፤ ማን ይመዘግብለታል? በእረፍት ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አለ?

ይህን ሲያደርጉ አብዛኛው ወላጅ የሚፈራው ትምህርቱ መክበዱን ሆኖ ሳለ ልጁን የሚጥለው ሌላ ሆኖ ይገኛል፦ በክፍለ ጊዜዎች መሃል ያለው የአምስት ደቂቃ ግርግር፣ ደወሉ፣ የጠፋ ደብተር፣ ማን ጋ መሄድ እንዳለበት አለማወቅ። የሂሳብ ችግር በማስጠናት ይቃለላል። ቀኑን መያዝ ያቃተው ልጅ ግን ሂሳቡ ላይም አይደርስም።

እርምጃ 2፦ ትምህርት ቤቱን ይጎብኙ

ምርጫ ካለ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ይዩ፤ ምርጫ ከሌለም ያለውን ይጎብኙ። አንዴ ተማሪ በሌለበት፣ አንዴ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ይሂዱ። በባዶው ሰዓት ያየነው ሰፊ ኮሪደር በእረፍት ሰዓት ሌላ ቦታ ነው።

ርዕሰ መምህሩን «ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ተጨባጭ ነገር ይጠይቁ፦ አሁን ተመሳሳይ ፍላጎት ያለው ተማሪ አለ? ለእሱ ምን ተደረገ? ስለ ልጁ የሚጻፈውን መረጃ ለየመምህሩ የሚያደርሰው ማን ነው? አንድ መምህር በዓመቱ መሃል ቢቀየር ለተተኪው ማን ይነግረዋል? ልጁ በጣም ሲጨንቀው የት ሄዶ ሊቀመጥ ይችላል? የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥያቄዎች የሰው ስምና የቦታ ስም ጠርቶ የሚመልስ ትምህርት ቤት፣ የሚያምር ሕንጻ ኖሮት መልሱን ከሚያድበሰብሰው ይሻላል ባይ ነኝ።

ልጁ በዊልቸር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሜትር ይዘው ይሂዱ። የራምፕ ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱም ይለካ፤ በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ዊልቸር ሙሉ በሙሉ ለመዞር 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ክብ ቦታ ይፈልጋል፤ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ገብተው በሩን ይዝጉና ይህ ቦታ መኖሩን ይዩ። ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ከሆኑ፣ የልጁ ክፍል ምድር ቤት መሆኑ ብቻ አይበቃም።

ልጁ ዛሬ ስላለበት ሁኔታ ብቻም አያስቡ። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸው አንዳንድ ልጆች በጉርምስና ቁመታቸው ሲመዘዝና ክብደታቸው ሲጨምር መራመድ የበለጠ ያደክማቸዋል። ዱሼን የተባለው የጡንቻ ሕመም ያለባቸው ወንዶች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ መራመድ የሚያቆሙት ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም በዚሁ የሽግግር ወቅት ነው። ዛሬ ደረጃውን ቀስ ብሎ የሚወጣ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ላይወጣው ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ያንን ቀን ማሰብ አለበት።

እርምጃ 3፦ አንዱን ገጽ ይጻፉ

የሕክምና ማስረጃ፣ የምርመራ ውጤት፣ የግል የትምህርት ዕቅድ፣ የውጤት ካርድ፣ ልጁ በራሱ የሠራቸው ጥቂት የጽሑፍና የፈተና ናሙናዎች፤ እነዚህ በአንድ ፋይል ይቀመጡ። ዋናውን ለራስዎ ይያዙ፣ ኮፒውን ይስጡ። ፋይሉ ግን ለማስረጃ ነው እንጂ ለማንበብ አይሆንም። 40 ገጽ ፋይል የሚያነብ የፊዚክስ መምህር አይጠብቁ። መምህሩ የሚያነበው አንድ ገጽ ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጣውም እሱ ነው።

ገጹ ላይ በቅድሚያ የልጁ ስም፣ ፎቶውና ጎበዝ የሆነበት ነገር ይስፈር። ችግሩን ቀድሞ ያነበበ መምህር ልጁን በችግሩ ያየዋል፤ «ካርታ ማንበብ ይወዳል፣ የሰማውን ታሪክ አይረሳም» ብሎ የጀመረ ግን የሚያስተምረው ሰው እንዳለው ያውቃል። ቀጥሎ የሚከብደው ነገር፣ ሲከብደው የሚያሳየው ምልክትና በዚያን ጊዜ የሚረዳው ነገር ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ምልክቱን አይዝለሉት። «ኦቲዝም አለበት» የሚለው ቃል ለመምህሩ የሚያደርገውን አይነግረውም። «ደጋግሞ ሰዓት መጠየቅ ሲጀምር ተጨንቋል ማለት ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፣ ትከሻውን ግን አይንኩት» የሚለው ይነግረዋል።

የማይሠራውንም ይጻፉ። በአንደኛ ደረጃ ተሞክሮ ልጁን ያባባሰ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በክፍል ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ፣ አዲሱ መምህር እንደገና መሞከር አይገባውም። ገጹን የቀድሞዋ መምህርት ታንብበውና የራሷን ትጨምርበት፤ እርስዎ ቤት ውስጥ የማያዩትን እሷ ክፍል ውስጥ አይታለች። ልጁም ያንብበው ወይም ይነበብለት። ስለ እሱ የተጻፈው ልክ አይደለም ካለ ይታረም፤ መምህራኑ እንዳያውቁት የሚፈልገው ነገር ካለም፣ ከደህንነቱ ጋር የተያያዘ እስካልሆነ ድረስ ይውጣ።

እርምጃ 4፦ የርክክብ ስብሰባ

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አስረካቢው መምህር፣ የተቀባዩ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ወይም ጉዳዩን የሚይዘው ሰው፣ የክፍል ኃላፊው መምህር፣ ወላጅና ልጁ አንድ ላይ ይቀመጡ። ልጁ ስብሰባውን እስከ መጨረሻው ካልቻለው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ይገኝ። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን ያለ ወላጅ ሊነጋገሩ ቢፈልጉም አይከፉ፤ መምህር ለመምህር የሚናገረው ሌላ ነገር አለ።

እዚህ ስብሰባ ላይ ሳይለይ መቅረት የሌለበት አንድ ጉዳይ አለ። ለልጁ የሚደረገው ለውጥ በትምህርቱ አቀራረብ ላይ ነው ወይስ በይዘቱ ላይ? ፈተናውን በትልልቅ ፊደል ማተም፣ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት፣ ጥያቄውን ማንበብ፣ መልሱን በኮምፒውተር እንዲጽፍ መፍቀድ፤ እነዚህ የአቀራረብ ለውጦች ናቸው፤ ልጁ የሚማረው ከሌሎቹ እኩል ነው። የትምህርቱን ዓላማ መቀነስ ወይም ሌላ መጽሐፍ መስጠት ግን የይዘት ለውጥ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ትክክለኛው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በመጨረሻው ፈተናና በምስክር ወረቀቱ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ዛሬውኑ ይጠይቁና በጽሑፍ ይቀበሉ። ማንም ሳይነግራቸው ለዓመታት ቆይተው ልጃቸው ለፈተና እንደማይቀመጥ መጨረሻ ላይ የሚሰሙ ወላጆች አሉ፤ ይህ በማንም ላይ መድረስ የለበትም።

ተጨማሪ የፈተና ሰዓትን በተመለከተም አገር አቀፍ ፈተና እስኪደርስ አይጠብቁ። በብዙ ቦታ የሚሰጠው 25 ወይም 50 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ፈቃዱን ሲጠይቁ ልጁ በክፍል ፈተናዎች ላይ ይህን ድጋፍ ሲያገኝ እንደቆየ የሚያሳይ ማስረጃ መቅረቡ ይረዳል። ስለዚህ የተሰጠውን ድጋፍ መመዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር።

ከስብሰባው ሲወጡ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግ የሚገልጽ አጭር ቃለ ጉባኤ ይኑር። ማንም ካልጻፈ እርስዎ ይጻፉና ይላኩላቸው።

እርምጃ 5፦ እንደየልጁ ፍላጎት

ማየት ለተሳነው ልጅ። ግቢውን መለማመድ ያለበት ባዶ ሳለ፣ ደጋግሞና ከአንድ ቋሚ ቦታ እየተነሳ ነው። ዋናውን በር ወይም ቢሮውን መነሻ አድርጎ ወደ ክፍሉ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ፣ ወደ ውኃው መንገዱን በነጭ በትሩ ይያዝ፤ በኋላ መንገዶቹን ራሱ ያገናኛቸዋል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ወንበርና ጠረጴዛ እንደ ልብ እንዳይዘዋወር ክፍሉ ይነገረው። በሁለተኛ ደረጃ አዲስ የሚሆኑት ጂኦሜትሪ፣ ግራፍና የኬሚስትሪ ምልክቶች ናቸው፤ በጣት የሚዳሰስ ሥዕልና የሂሳብ ብሬይል ያስፈልጋሉ። መምህሩም ሰሌዳው ላይ እየጠቆመ «ይህ ከዚህ ሲቀነስ ይህን ይሰጣል» ማለቱን ትቶ ቁጥሩን በስሙ ይጥራ። ልጁ በብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ (ስሌትና ስታይለስ) ብቻ ይጽፍ ከነበረ፣ ከሽግግሩ በፊት ያለው ዓመት በኮምፒውተር መተየብና የስክሪን አንባቢ (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር) መጠቀም የሚማርበት ይሁን፤ ኤንቪዲኤ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል።

መስማት ለተሳነው ወይም ለሚያዳግተው ልጅ። በምልክት ቋንቋ የሚማር ተማሪ ዓይኑን ከአስተርጓሚው ሳያነሳ ማስታወሻ ሊጽፍ አይችልም። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ግን በየክፍሉ ይረሳል። ማስታወሻውን የሚያካፍለው ተማሪ ይመረጥ ወይም መምህሩ ጽሑፉን ይስጠው። የባዮሎጂና የፊዚክስ አዳዲስ ቃላት የተለመደ ምልክት ላይኖራቸው ስለሚችል አስተርጓሚው የምዕራፉን ቃላት ቀድሞ ማግኘት አለበት፤ ልጁና አስተርጓሚው በምልክቱ ተስማምተው ይግቡ። የመስማት መርጃ መሣሪያ ያለው ልጅ ደግሞ በደንብ የሚሰማው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ርቀት ያለውን ድምፅ ነው፤ በጫጫታ መሃል መሣሪያው ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል። መምህሩ መስኮት ከጀርባው አድርጎ አይቁም፤ ፊቱ ይጨልማል። ከንፈር ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ በ፣ ፐ እና መ ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው።

ኦቲዝም ላለበት ልጅ። ያልታወቀውን ማሳወቅ ግማሽ ሥራ ነው። የበሩን፣ የክፍሉን፣ የመጸዳጃ ቤቱን፣ የመምህራኑን ፎቶ ያንሱና በዕረፍቱ ወቅት አብረው ይዩት። ደወሉ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው እንኳ ቀርጸው ቢያሰሙት ይጠቅማል። የክፍለ ጊዜውን ሰሌዳ በቀለም ይለዩለት። ከዚያም ለውጥ እንዴት እንደሚነገረው ከትምህርት ቤቱ ጋር ይስማሙ፤ መምህር ቀርቶ ክፍለ ጊዜ ሲቀየር ለሌሎች ደስታ የሆነው ለእሱ ቀኑን የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሴቶች ልጆች ቀኑን ሙሉ እንደ ሌሎቹ ለመምሰል ራሳቸውን አስጨንቀው ቤት ሲደርሱ ይፈነዳሉ። መምህሩ «እኛ ጋ ምንም ችግር የላትም» ሲል እውነቱን ነው፤ እናትየው «ቤት ውስጥ አልቻልኳትም» ስትልም እውነቷን ነው። ሁለቱ አባባሎች አንድ ላይ ሲነበቡ ልጅቷ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደምትሰቃይ ያሳያሉ።

ትኩረት የማሰባሰብ ችግር (ኤዲኤችዲ) ላለበት ልጅ። በአንደኛ ደረጃ መምህሯ ነበረች የእሱ ማስታወሻ። አሁን ያ ሥራ የዕቃ ሆኗል፦ አንድ ቦርሳ፣ አንድ የቤት ሥራ መመዝገቢያ፣ ለየትምህርቱ በቀለም የተለየ ደብተር፣ ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ቦርሳ ማዘጋጀት። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙን ስለ አዲሱ የትምህርት ሰዓት ይንገሩት። አጭር ጊዜ የሚሠራው ሜቲልፌኒዴት ኃይሉ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጁ ቀድሞ መነሳት ከጀመረና ቀኑ ከረዘመ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ትምህርት ያለ መድኃኒት ይቀራል።

የማንበብ ችግር (ዲስሌክሲያ) ላለበት ልጅ የሚለወጠው ብዛቱ ነው። በየትምህርቱ የሚነበበው ገጽ ይበዛል፤ ስለዚህ በድምፅ የተቀዳ ጽሑፍ፣ ከሰሌዳ መገልበጥን መቀነስ፣ በክፍል ፊት ድንገት አለማስነበብ። በታሪክ ፈተና የታሪክ እውቀቱ እንጂ የፊደል ግድፈቱ አይታረም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸውን ጨምሮ፣ ከቃል ይልቅ በዓይን የታየ ነገር ይጸናል፤ መመሪያ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ ይሰጠው። ዳውን ሲንድሮም ካለ የመስማትና የማየት ምርመራው ከሽግግሩ በፊት ይታደስ፤ የሁለቱም ችግር በእነዚህ ልጆች ላይ በብዛት ስለሚታይ «አልገባውም» የተባለው «አልሰማም» ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 6፦ ልጁ ስለ ራሱ መናገር ይልመድ

እርስዎ በየክፍሉ አይገኙም። ስለዚህ ልጁ ሦስት ነገር በራሱ መንገድ፣ በንግግር፣ በምልክት ወይም በካርድ መግለጽ ይልመድ፦ ምን እንደሚከብደው፣ ምን እንደሚረዳው፣ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ። «በሩቁ አልሰማም፤ ፊት ስቀመጥ ይሻለኛል፤ ቦታ ልቀይር?» ቤት ውስጥ እርስዎ መምህር ሆነው ይለማመዱት። ስለ ሁኔታው ስሙን ጠርታችሁ ገና ካልተነጋገራችሁ ጊዜው አሁን ነው፤ ከወላጁ ያልሰማውን ከክፍል ልጆች በስድብ መልክ እንዳይሰማው።

የዕለት ተዕለት ሙያዎችም አሉ። ሰዓት ማንበብ፣ መርሐ ግብር መከተል፣ ገንዘብ መያዝ፣ ስልክ መደወል፣ ቢጠፋ ማንን እንደሚጠይቅ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ፤ በየወሩ አንድ ይበቃል። የመንገዱን ጉዞ ግን በአዲሱ ሰዓት፣ በእውነተኛው ግርግር ውስጥ ይለማመደው።

እርምጃ 7፦ ጤና፣ አካልና ደህንነት

የሚጥል ሕመም ካለ እያንዳንዱ መምህር፣ የስፖርት መምህሩና የጥበቃ ሠራተኛውም ጭምር ማወቅ አለባቸው፦ ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ ከአካባቢው የሚጎዳውን ዕቃ ማንሳት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት መያዝ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ሕክምና መጥራት። የእንቅልፍ ማነስ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ቀድሞ መነሳትን ካመጣ የመኝታ ሰዓቱም ከዕረፍቱ ማብቂያ በፊት ይቀየር።

ጉርምስና ከሽግግሩ ጋር አብሮ ይመጣል። የወር አበባ ገና ያልጀመራት ልጅ ምን እንደሆነ፣ የንጽህና መጠበቂያ እንዴት እንደሚቀየርና ትምህርት ቤት ውስጥ ማንን እንደምትጠይቅ ቀድማ ትወቅ። በመጸዳጃ ቤት የሰው እርዳታ የሚፈልግ ልጅ ካለ ረዳቱ ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ፣ ጾታው ከልጁ ጋር የሚስማማ ይሁን፣ ምትኩም ይታወቅ። ልጁ ደግሞ አካሉን ማን፣ ለምን፣ እንዴት ሊነካው እንደሚችል፣ ካልተመቸው «አይሆንም» ማለት መብቱ እንደሆነና ለማን እንደሚናገር ይማር። በሰው እጅ መታገዝ የለመደ ልጅ «አይሆንም» ማለትን ካልተማረ ለጥቃት ይጋለጣል። ይህን ርዕስ ማንሳት ያሳፍራል ተብሎ መታለፍ የለበትም።

እርምጃ 8፦ ጓደኛ

ከቀድሞው ትምህርት ቤት አብሮት የሚሄድ አንድ ጓደኛ ካለ አንድ ክፍል እንዲመደቡ በጊዜ ይጠይቁ። አንድ የሚያውቀው ፊት ብዙ ነገር ይተካል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ድጋፎችን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። አንደኛው ልጁን ከደወሉ 5 ደቂቃ በፊት ከክፍል ማስወጣት ነው። ከግርግሩ ያድነዋል፤ ግን በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ካለ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ትምህርት ይወስድበታል፤ የቤት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚነገረውም በእነዚያ የመጨረሻ ደቂቃዎች ነው፤ ከጓደኛ ጋር የሚወጣበትም ሰዓት ያ ነው። ለሩቅ ክፍሎች ብቻ፣ ለሁለት ደቂቃ፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛው ከልጁ ጎን የማይለይ ረዳት ነው። አዋቂ ሰው አጠገቡ የተቀመጠበትን የ14 ዓመት ልጅ ሌላ ልጅ አይጠጋውም። ረዳቱ ክፍሉን በሙሉ እያገዘ፣ ሲፈለግ የሚቀርብ ይሁን፤ በእረፍት ሰዓት ራቅ ይበል።

አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ይልቅ ለማሸማቀቅና ለጥቃት ይጋለጣሉ። የሚደርስባቸውም በአብዛኛው መምህር በሌለበት ነው፦ መጸዳጃ ቤት፣ ኮሪደር፣ መውጫ በር፣ የስልክ ቡድን ውስጥ። ነገሩ ሲደርስ ለማን እንደሚነገር ከመድረሱ በፊት ይወቁ።

እርምጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከተቻለ ልጁ ግቢውን ከሌሎቹ አንድ ቀን ቀድሞ ይየው፤ የመጀመሪያ ቀንም ከሰልፉ ግርግር በፊት ይግባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከትምህርት መልስ ወዲያው ጥያቄ አያብዙበት፤ ይብላ፣ ይረፍ። ሲጠይቁም «ቀኑ እንዴት ነበር?» የሚለው «ደህና» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። «በእረፍት ሰዓት የት ነበርክ? አጠገብህ ማን ተቀመጠ? ዛሬ ውኃ ጠጣህ?» ይበሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ ምክንያት አለው። መጸዳጃ ቤቱ የማይመቸው ወይም የሚያስፈራው ልጅ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ራስ ምታቱና ድካሙ ከዚያ ይመጣል። ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ሳምንቱ ሊጀምር ሲል የሚመጣ ሆድ ቁርጠት፣ የሚጠፋ ወይም የሚቀደድ ዕቃ፣ የተመለሰ ምሳ፣ ቀድሞ ይችለው የነበረውን ነገር መተው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድካምና ቁጣ የሚጠበቅ ነው፤ ከአራተኛው ሳምንት በኋላ እየባሰ ከሄደ ግን «ይለምደዋል» ብለው አይጠብቁ።

ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚገናኙበት አንድ ሰውና አንድ መንገድ ይኑር። ለ10 መምህራን በየቀኑ መደወል ሁሉንም ያሰለቻል። የተስማማችሁበት ድጋፍ ካልተደረገ በመጀመሪያ መምህሩን፣ ካልሆነ የሚመለከተውን ባለሙያ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ምን እንደተስማማችሁ፣ ምን እንዳልተደረገና ልጁ ላይ ምን እንደደረሰ ቀን እየጠቀሱ ይጻፉ፤ ከትምህርት ቤቱ በላይ ወዳለው አካል መሄድ ግድ ከሆነ የሚታየው ይህ ጽሑፍ ነው። ቅሬታ ብቻም አይላኩ፤ ልጁን የተረዳውን መምህር ስሙን ጠርተው ለርዕሰ መምህሩ ይጻፉለት። ያ መምህር ለሌሎቹ ዘዴውን ያሳያቸዋል።

በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ሁለተኛ ስብሰባ ይያዝ፤ ቀኑ በርክክቡ ስብሰባ ላይ አስቀድሞ የተቆረጠ ይሁን። የሚመጡትም የሚያስተምሩት መምህራን ይሁኑ፤ መምጣት ያልቻለ ሁለት መስመር ጽፎ ይላክ፦ ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም። ያንን አንድ ገጽ አውጥታችሁ መስመር በመስመር እዩት። በአንደኛ ደረጃ ይረዳው የነበረ አሁን የማያስፈልገው ነገር ካለ ይሰረዝ፤ በአዲሱ ግቢ የታየ አዲስ ምልክት ይጨመር። ልጁ «ይህን እኔ ልጻፈው» የሚለው ክፍል ካለ ራሱ ይጻፈው። የታደሰበትን ቀን ከላይ ያስፍሩና ለየመምህሩ ያድርሱ፤ የቀድሞውን ገጽ ግን ከእጃቸው ይሰብስቡ፣ አሮጌውን እያነበበ የሚያስተምር እንዳይኖር።